የመድኃኒቱ ሁለት ደቂቃ

ቆጣሪዋ ይሏታል። ስሟ ጠፍቷቸው አይደለም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ ቆማ ጮክ ብላ የምትቆጥር ሴት ሌላ ምን ትባል? ነርስ ናት፤ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ቁመቷ አጠር፣ ድምፅዋ ወፈር ያለ ነው። ቀልድ የማይጥማት ትመስላለች እንጂ ስትቀልድ ሰው ታስቃለች። ጉልበቷን ያማታል፤ ለማንም ግን ትንፍሽ አትልም። ከተናገረች «በይ እንግዲህ ተቀምጠሽ ካርድ ጻፊ» እንደሚሏት ታውቃለች።

የምትሠራው የልብ ቧንቧ በሚመረመርበት ክፍል ነው። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ልቡን ደም የሚያጠጣው ቧንቧ የጠበበበት ሰው ጠረጴዛው ላይ ይጋደማል። ዶክተሩ ከእጁ አንጓ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ እስከ ልቡ ደጃፍ ያደርሳል። በቱቦው ውስጥ ደግሞ ጫፉ ላይ ግፊት የሚለካ የፀጉር ያህል ሽቦ ያልፍና ከጠበበው ቦታ ማዶ ይቆማል። ያኔ ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር መሮጥ ይጀምራል። ቀዩ ከጥበቱ በፊት ያለው ግፊት ነው፤ አረንጓዴው ከጥበቱ በኋላ ያለው። ሁለቱ ጎን ለጎን ከሮጡ ጥበቱ ለወሬ ብቻ ነው። አረንጓዴው ወደ ኋላ ከቀረ ግን ልብ ተርቧል ማለት ነው።

ችግሩ፣ ሰው ጋደም ብሎ ሲያርፍ የልብ ረሃብ አይታይም። ልብ ብዙ ደም እንዲጠይቅ መቀስቀስ አለበት። ለዚህ በክንድ ደም ሥር በኩል ለሁለት ደቂቃ የሚሰጥ መድኃኒት አለ። የልብን ትናንሽ ቧንቧዎች ወለል አድርጎ ይከፍታቸዋል፤ ደሙ ይሮጣል፤ አረንጓዴው ለቀዩ ተካፍሎ ቁጥሩ ይወጣል። ቁጥሩ በመቶኛ ተሰልቶ ሰማንያና ከዚያ በታች ከሆነ ቧንቧው ይጠገናል። ከዚያ በላይ ከሆነ ክኒንህን እየዋጥክ ቤትህ ኑር ነው።

ታዲያ መድኃኒቱ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። ደረት ይጨምቃል፣ ፊት ያግላል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ የደም ግፊትም ዝቅ ያደርጋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ ሰውየው የሚሞት ይመስለዋል። ይህ በመድኃኒቱ ወረቀት ላይ ሳይቀር ተጽፏል። ሲቆም በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሁሉም ብን ብሎ ይጠፋል፤ ሰውየውም ተነሥቶ «ጉድ ነው!» ብሎ ይስቃል። ሁሉም አይስቅም እንጂ።

ጮክ ብላ መቁጠር የጀመረችው ለዚሁ ነው። ሥራ በጀመረች ሰሞን አንዲት አሮጊት ከጠረጴዛው ሲወርዱ እጇን ይዘው፣ «ልጄ፣ ድምፅሽን ባልሰማ ኖሮ መንገዱ ይጠፋብኝ ነበር» አሏት። ያን ቀን ሰዓቱን ለዶክተሩ ለማስታወቅ ብቻ ነበር «ስልሳ» ብላ የተናገረችው። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ሰው በአሥር በአሥር ትቆጥራለች፤ መቶ ሃያ ስትል መድኃኒቱ ይዘጋል።

አሁን ወደማይነገረው ነገር እንምጣ። መድኃኒቱ የገባለት ሰው፣ አርባ ወይም ሃምሳ ላይ ሲደርስ፣ ራሱን ዞር አድርጎ አንድ ጥግ ያያል። ሁሉም አይደለም፤ ከሦስቱ ሁለቱ ግን ያዩታል። እሷ ስክሪኑን ስለምታይ ጥጉ ከጀርባዋ ነው። መጀመሪያ የጠረጠረችው ከባዶቹን የጨረር መከላከያ ሽርጦች ነበር፤ እዚያ ተሰቅለው ሲታዩ የቆመ ሰው ይመስላሉ። መስቀያውን ነቅላ ኮሪደር ላይ አቆመችው። ማየታቸውን አልተዉም። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ክፍሉ ታድሶ ጠረጴዛው ዞረ፤ ራስጌው የነበረው ግርጌ ሆነ። «እሰይ፣ ተገላገልኩ» አለች። በማግስቱ የገባው የመጀመሪያው ሰው፣ ስለ ክፍሉ ምንም የማያውቅ የባንክ ጸሐፊ፣ አርባ ስትል ራሱን በተቃራኒው አቅጣጫ አዙሮ ያንኑ ጥግ አየ።

አንድ ጊዜ ዶክተሩን ጠየቀችው። እሱም፣ «ሲስተር፣ ሰው ሲጨንቀው የሆነ ቦታ ማየቱ አይቀርም» አላት። ጥሩ መልስ ነው ብላ ተቀብላ ቤቷ ሄደች፤ ያን ቀን መብራት ሳታጠፋ ተኛች።

ምርመራው የተደገመላቸው ሰዎች በእሷ ዘመን አሥራ አንድ ናቸው። ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ሲነሡ አንድ ቃል ብቻ ተናግረዋል። «ጠበቀኝ» ነው ያሉት። ማን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም፤ ማወቅም አትፈልግም።

ወንድሟ በያጅ ነበር። በአሥራ ሁለት ዓመት ይበልጣታል። አባታቸው ሲሞት እሱ ሃያ፣ እሷ ስምንት ነበሩ፤ እናታቸው ቀደም ብላ ነው የሞተችው። በር፣ የመስኮት ብረት፣ አልጋ እየበየደ አሳደጋት፤ ደብተሯም ጫማዋም ከዚያ ጭስ ውስጥ የወጡ ናቸው። ጭሱ ግን ሳንባው ውስጥ ቀረ። አሁን ስልሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሲተነፍስ ያረጀ በር ሲከፈት የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ያሰማል። እሷን እስከ ዛሬ «ሚጢጢ» ነው የሚላት፤ ሽበት ያበቀለች ሴት መሆኗን የነገረው የለም።

ይህ ሰው በዓለም ላይ የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እህቱን ሰው ፊት ማሳፈር። እሷ ስትመረቅ የተዋሰው ሙሉ ልብስ በጣም ጠብቦት፣ ከተቀመጠ እንዳይቀደድ ብሎ ፕሮግራሙን በሙሉ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ጨረሰ። ሰው «ተቀመጥ እንጂ!» ሲለው «ከዚህ ይበልጥ ይታየኛል» ይላል።

ባለፈው ዓመት ደረጃ ሲወጣ ደረቱን ይይዘው ጀመር። ሲመረመር ጥበቱ በግራው ዋና ቧንቧ አናት ላይ ተገኘ፤ ቅርንጫፎቹ የሚለያዩበት፣ በሽቦና በፊኛ የማይጠገን ክፉ ቦታ። ምስሉ ብቻውን አይፈርድም፤ ቁጥሩ መለካት አለበት። ቁጥሩ ዝቅ ካለ ደረቱ ተከፍቶ ቀዶ ሕክምና ይደረግለታል። ሰመመን የሚሰጠው ሐኪም ሳንባውን ካዳመጠ በኋላ ቆጣሪዋን ኮሪደር ላይ ጠርቶ፣ «ይህን ሰው ማስተኛቱን አስተኛዋለሁ፤ መንቃቱን ግን ዋስ አልሆንም» አላት። እንግዲህ የወንድሟ ነፍስ የተንጠለጠለችው በዚያች ቁጥር ላይ ነበር።

በቀጠሮው ጠዋት ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ጥፍሩን ቆርጦ፣ ሳሙና ሳሙና እየሸተተ መጣ። ዶክተሩ፣ «ሲስተር፣ ዛሬ ሌላ ሰው ይቁጠር?» አላት።

«እኔ በሕይወት እያለሁ?» አለች።

ሽቦው ገባ፤ መስመሮቹ መሮጥ ጀመሩ። መድኃኒቱ ገና ሳይከፈት ቀዩ አማካይ ግፊት ሰባ ስድስት ላይ ነበር። የወንድሟ ደም ግፊት ድሮም የማይገራ ነው፤ መቶ አምስት፣ መቶ አሥር ማለት ነበረበት። አየችው። «ጎሽ፣ ተረጋግቶልኛል» ብላ በልቧ ደስ አላት። ሌላ በሽተኛ ቢሆን ኖሮ ሥራውን ታስቆም ነበር፤ ያን ቀን እህትነቷ ነርስነቷን ቀደማት።

«ክፈቱ» አለ ዶክተሩ።

«አሥር። ሃያ።» ወንድሟ ማቃሰት ጀመረ። «ሠላሳ። አይዞህ ወንድም ጋሼ፣ እዚሁ ነኝ። አርባ።» ወንድሟ ራሱን አዞረ። እሷ ዓይኗን ከስክሪኑ አልነቀለችም። ቀዩ ወረደ፣ ወረደ፣ ሃምሳ ሁለት ላይ ቆመ። አረንጓዴው ሠላሳ ዘጠኝ። «ሰማንያ። ዘጠና።» ማሽኑ ቁጥሩን ያዘ፤ ሰባ አምስት። መቶ ሃያ ስትል መድኃኒቱ ተዘጋ።

ዶክተሩ ከንፈሩን መጠጠ። «አዝናለሁ፣ ሲስተር። ለቀዶ ሐኪሞቹ ለሰኞ ቀጠሮ እንዲይዙለት እነግራለሁ።»

ማረፊያ ክፍል ውስጥ ወንድሟ ነጭ አንሶላ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ገና ስትገባ፣ «ማን ነበር አብሮሽ የሚቆጥረው?» አላት።

«ማንም። ብቻዬን ነኝ የምቆጥረው።»

«አይ፣ ሁለት ናችሁ። አንቺ በአሥር በአሥር ትቆጥሪያለሽ፤ ያኛው መካከሉን ይሞላል። አንቺ ሃምሳ ስትይ፣ እሱ ከኋላሽ ሃምሳ አንድ፣ ሃምሳ ሁለት ይላል። ቀስ ብሎ ነው። አይቸኩልም።»

ማጅራቷ ላይ ሰው የተነፈሰባት መሰላት። እጇ ሥራ እንዲፈታ ስላልፈለገች የግፊት መለኪያውን ክንዱ ላይ ጠቀለለች። ዘጠና አምስት በስልሳ። ያን ጊዜ ነው ነርሷ የነቃችው። መድኃኒቱ ከቆመ ሰዓት አልፎታል፤ እሱ ደግሞ በአንድ ደቂቃ ከሰውነት የሚጠፋ ነገር ነው። ታዲያ ይህን ሰው እስከ አሁን ወደ ታች የሚጎትተው ማን ነው?

«ወንድም ጋሼ፣ ዛሬ ጠዋት ምን ዋጥክ?»

«ምንም።»

«የግፊት ክኒንህን ዛሬ አትዋጥ ብዬህ አልነበረም?»

«ብለሻል።»

«ወንድም ጋሼ!»

ወደ ግድግዳው ዞረ። ብየዳ የለመደው ትልቅ እጁ አንሶላውን ይጠቀልላል፣ ይፈታል። «ሁለት ነው የዋጥኩት» አለ በመጨረሻ። «ማታም ሁለት። እኔ እንደሆነ ግፊቴ እብድ ነው። ይሄን ሁሉ ዓመት አብረሽ በሠራሻቸው ሰዎች ፊት፣ የእሷ ወንድም ራሱን የማይጠብቅ ነው እንዳይሉሽ ብዬ። ቁጥሩ እንዲያምርልሽ ነው።»

ልትቆጣ አፏን ከፈተች፤ እንባዋ ቀደማት። የተዋሰው ሙሉ ልብስ ትዝ አላት። ይኸው ሰው አሁንም ቆሞ ሊጨርስ ነው።

ዶክተሩን ቢሮው ድረስ ሄዳ ያዘችው። «ቁጥሩ የጥበቱ አይደለም፤ የክኒኑና የመድኃኒቱ ነው» አለችው። «ቀዩ ራሱ ወድቋል። የሰፈሩ ውሃ ከዋናው መስመር ሲደክም፣ የጎማዬ እጥፋት ነው ውሃ የከለከለኝ ብሎ ጎማውን የሚቆርጥ አለ?»

ዶክተሩ ግራፉን አውጥቶ ብዙ ጊዜ አየው። የሰው ነገር የሚሰማ ሰው ነው፤ ጥሩነቱ እሱ ነው። «ግፊቱ እንዲህ ሲወድቅ ቁጥሩ ከእውነቱ ዝቅ ሊል ይችላል» አለ። «ላይልም ይችላል። እኔ መገመት አልችልም፤ መድገም ነው ያለብን። ክኒኑ ከሰውነቱ ይውጣ፣ ፈሳሽ ይሰጠው፣ ሐሙስ እንለካዋለን። እሱ ከፈረመ።»

እሱ ግን ፍንክች አልል አለ። «ሰኞ ደረቴን ይቅደዱት» አለ። «ተኝቼ ነው፤ አላውቀውም። እዚያ ግን ነቅቼ ነው የምሄደው። አልሄድም።»

«ሐኪሙ ላትነቃ ትችላለህ እያለ?»

«ይሻለኛል፣ ሚጢጢ። እዚያ ከመመለስ ይሻለኛል።»

ቆጣሪዋ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አሥራ አንዱ ሰዎች ፊታቸው አንድ በአንድ መጣባት፤ ነጋዴው፣ መምህርቷ፣ ከንፈሩን እየነከሰ ያለቀሰው ፖሊስ። ሁሉንም ታውቃለች። ከዚያ የወንድሟን እጅ ይዛ ዓይኑን እያየች፣ «ሁለተኛው ይቀላል» አለችው። «ሰውነት ይለምደዋል። ስንቱ ተደግሞለት እየሳቀ ወጥቷል መሰለህ።»

ዓይን ዓይኗን አያት። «እየሳቀ?»

«እየሳቀ።»

እስክርቢቶውን ተቀብሏት ፈረመ። እሷ መጸዳጃ ቤት ገብታ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበች፤ መስታወቱን ግን አላየችም። በዕድሜዋ የዋሸችው ውሸት ብዙ አይደለም፤ ያሳደጋትን ሰው አባብላ ወደዚያ ጥግ መስደዷ ግን እንደ ድንጋይ ደረቷ ላይ ተቀመጠ።

ሐሙስ ፀሐይ የሞላበት ጠዋት ነበር፤ ያ ክፍል ግን መስኮት የለውም። ወንድሟ ጠረጴዛው ላይ ሲጋደም ቀልድ አልሞከረም፤ አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ጥጉ አይቶ ዓይኑን ወደ ጣሪያው መለሰ። መድኃኒቱ ገና አልተከፈተም ነበር። እሷ ይህን አይታ የስክሪኑን እግር ይዛ ቆመች።

ቀዩ መቶ አራት። ይህ ነው የወንድሟ ግፊት፣ እብዱ፣ እውነተኛው። ሁለቱ መስመሮች እኩል መነሣታቸውን ዶክተሩ አጣርቶ፣ «ክፈቱ» አለ።

«አሥር። ሃያ። ሠላሳ።» ቀዩ መቶ። ዘጠና አምስት። «አርባ።» ጠረጴዛው ላይ ማቃሰት የለም። ይሄ ነው ያስፈራት፤ ወንድሟ ጭራሽ ጸጥ ብሏል። «ሃምሳ።» ጆሮዋን ማቆም አልፈለገችም፤ ጆሮ ግን አይታዘዝም። ከኋላዋ፣ ከማቀዝቀዣው ድምፅ ሥር፣ የሆነ ነገር የሚንሾካሾክ መሰላት። ድምፅዋን ከፍ አደረገች። «ስልሳ!»

«ሚጢጢ» አለ ወንድሟ። ድምፁ የተረጋጋ ነው፤ ሰው ሊያስተዋውቃት የፈለገ ይመስላል። «ዞር ብለሽ እይ እስቲ።»

አሥራ ዘጠኝ ዓመት ዞራ አታውቅም። አንገቷ ዙሪ ዙሪ አላት፤ የገዛ አንገቷን የሌላ ሰው እጅ የሚገፋው ያህል። ቀዩ ዘጠና ላይ ቆሟል። አረንጓዴው ሰባ ዘጠኝ፣ ሰባ ስምንት፣ ሰባ ስምንት። አሁን ዞር ካለችና ማሽኑ አንድ የተጣመመ ምት ቢይዝ የሚለየው ማን ነው? ቢያንስ በዚህ እንኳ ለወንድሟ ትታመንለት።

«ሰባ» አለች። «አልዞርም ወንድም ጋሼ። ሰማንያ። አንተን ነው የምጠብቀው። ዘጠና።»

መቶ ሃያ። መድኃኒቱ ተዘጋ። ዶክተሩ መስመሮቹን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጎትቶ አያቸው፤ ሁለቱ ተረጋግተው የሮጡበትን ቦታ ለይቶ አነበበ። ሰማንያ ሰባት።

«አባባ» አለ ጭንብሉን ዝቅ አድርጎ፣ «ደረትዎን የሚነካ የለም። ክኒንዎን እየዋጡ ቤትዎ ይኑሩ። አንድ አንድ ብቻ ታዲያ፤ ሁለት ሁለት አይደለም!»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ቆጣሪዋ ግን ግድግዳ ተደግፋ እንደ ሕፃን ተንሰቅስቃ አለቀሰች፤ በዚያ ክፍል ስታለቅስ ያያት ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ወንድሟ አልሳቀም፤ አላለቀሰምም።

ከሰዓት በኋላ ታክሲ ሲጠብቁ ከሆስፒታሉ አጥር ሥር አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። የእጁ አንጓ በፋሻ ታስሯል። መኪናው ያልፋል፣ ሰው ያልፋል፣ አንዲት ሴት ስልኳ ላይ ከሰው ጋር ትጨቃጨቃለች። ወንድሟ መንገዱን እያየ፣ «ሁለተኛው ይቀላል ያልሽው ውሸት ነው» አለ።

«አዎ» አለች። መካድ አልቻለችም። «ይቅር በለኝ።»

«ያኔም አውቄዋለሁ። የስምንት ዓመት ልጅ ሆነሽም ስትዋሺ ዓይን ዓይኔን ነበር የምታዪው፤ እውነት ስትናገሪ ነው ወዲያ ወዲህ የምታዪው።»

«አውቀህ ነው የፈረምከው?»

«ምን ላድርግ? እኔ ብሞት ብቻሽን ትቀሪያለሽ። ከእኔ ይልቅ አንቺ ነሽ የፈራሽው።»

በዕድሜዋ ለማንም ያላነሣችውን ጥያቄ አነሣች። «ምን አየህ?»

ወንድሟ ፋሻውን በሌላው እጁ ነካ ነካ አደረገ። «ነገ ሥራ ትገቢያለሽ?»

«እገባለሁ።»

«ስንት ሰው አላችሁ?»

«ሰባት።»

«እንግዲያው አልነግርሽም» አለ።

ታክሲው መጣ። በሩን የከፈተላት እሱ ነው፤ አስቀድሞ እሷን አስገብቶ ከጎኗ ተቀመጠ። እስከ ቤት ድረስ እጇን በሁለት እጁ ጨብጦ ያዛት።